አይደር የተባለው እጣቢ

ሥራ ቦታ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «እትዬ ቀፎ» ነው የሚሏት። ንብ አርቢ ሆና አይደለም። እንኳን ንብ፣ ዝንብ ሲያንዣብብባት ትበረግጋለች። ቅጽል ስሙ የወጣላት ዕድሜዋን ከፈጀችበት ሥራ ነው። እሷና ባልደረቦቿ ከፕሮቲን ባዶ ኳስ ይሠራሉ፤ በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታይ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ኳስ። የመጽሐፍ ስሙ ረጅምና ምላስ የሚያደክም ስለሆነ ላብራቶሪው በሙሉ «ቀፎ» ብሎ ተገላግሏል።

ነገሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። አንዳንድ መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሚፈለግበት ቦታ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይፈራርሳል። ታዲያ ቀፎ ውስጥ ተጭኖ ቢሄድስ? ቀፎው ከተመሳሳይ ቁርጥራጮች ራሱን በራሱ ይገጣጥማል። ጭነቱ ላይ ትንሽ ጭራ ይቀጠልለታል፤ ጭራው የቀፎውን የውስጥ ግድግዳ ቆንጥጦ ይይዛል፤ ቀፎው ሲዘጋ ጭነቱም አብሮ ይዘጋበታል። እንደ ልጆች መገጣጠሚያ ነው፤ አንዱን ጭነት አውጥቶ ሌላ መተካት፣ የውጩን ግድግዳ እንደ መድረሻው መለወጥ፣ ሁሉም ይቻላል። ወረቀት ላይ። ተግባር ላይ ግን ቀፎው ያፈሳል። እሷ ፀጉሯ ጥቁር ሳለ ያፈስ ነበር፣ ሽበት ካወጣችም በኋላ ያፈሳል። ዘመዶቿ በየሰርጉና በየለቅሶው «ያ ነገር ከምን ደረሰልሽ?» ሲሏት «እየተሠራ ነው» ትላለች። አክስቷ አንድ ቀን ሰው መሀል «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብላ ተረተችባት። ሰዉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ቤቷ ገብታ ግን አለቀሰች።

ደግሞ ሳይንስ ማለት እኩሌታው ዕቃ አጠባ ነው፤ ይህን ትምህርት ቤት አይነግሩም። ቁርጥራጮቹን የሚያመርትላቸው ባክቴሪያ ቀፎውንም ጭነቱንም ሠርቶ ሲጨርስ ይፈጫል፤ ጭማቂው ጥቃቅን እንክብሎች በሞሉበት ቱቦ ውስጥ ቀስ ብሎ ይንቆረቆራል። በእያንዳንዱ የቀፎ ቁራጭ ጫፍ ላይ «እጀታ» የሚሉት ነገር ስላለ እንክብሎቹ በእጀታው ይዘው ያስቀሩታል። እጀታ የሌለው ሁሉ በቱቦው ስር ይወርዳል። ያ እጣቢ ነው። እንክብሎቹ የያዙት ይመረመራል፣ እጣቢው በረኪና ተጨምሮበት ይደፋል። አንድ ጊዜ አንዱ ሳይደፋ ትቶት ሄዶ ኮሪደሩ በሙሉ ስለገማ፣ ከገንዳው በላይ በራሷ እጅ ጽፋ የለጠፈችው ወረቀት አለ፦ «እጣቢ አይደር!» ወረቀቱ ብጫ ሆኗል። ሕጉ ግን ተጥሶ አያውቅም።

ያን ሐሙስ የመጨረሻውን ናሙና እያሳለፈች ነበር። የመጨረሻው የምንለው ለማጋነን አይደለም። በቀጣዩ ሳምንት ሥራው ሊዘጋ ተወስኗል፤ ክፍሉን የሚረከበው ቡድን ካርቶኖቹን ኮሪደሩ ላይ ቆልሎ ቀኑን እየጠበቀ ነው። አለቃዋ ዶክተሩ፣ ቀፎውን በወጣትነታቸው የጀመሩት ሰው፣ መዝጊያውን ሪፖርት አርቅቀው ሰጥተዋታል። ረጅም ነው፤ ጭብጡ ግን አንድ ነው፦ ቀፎው ጭነት አይዝም።

እፎይ ብላለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ነገር ግን ልቧ እፎይ ብሏል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ የሆነ ኑሮ ሲያበቃ ሰው አያዝንም። ለዚያውም የምትሄድበት ቦታ አግኝታለች። ሰኞ የከተማው ውሃ ማጣሪያ ትገባለች፤ ክሎሪን መለካት፣ ጠርሙስ መሙላት፣ ከሰዓት በኋላ በጊዜ ቤት። ሌላ ምንም። ይህ «በጊዜ ቤት» የሚለው ነገር ነው ዋናው፤ የአባቷ ጉዳይ የተንጠለጠለው በሱ ላይ ነውና።

አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። እሷ ልጅ ሳለች እሳቸው ሁልጊዜ መንገድ ላይ ናቸው። ይመጣሉ የተባለ ቀን በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ዛሬስ አልተኛም ትላለች፤ ትተኛለች። ጠዋት ስትነሳ ጫማቸው አልጋው ስር ነው፣ እሳቸው ያንኮራፋሉ። «ምነው ቆየህ አባዬ?» ስትላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «ጭነቱ ነው ልጄ፣ ጭነቱ አስቆየኝ።» ሾፌር ጭነቱን እስኪያስረክብ ድረስ የራሱ ሰው አይደለም ይሉ ነበር። እናቷ ይህን አባባል አትወደውም ነበር፤ እናቷ ከሞተች በኋላ ደግሞ የሚከራከራቸው ጠፋ።

አሁን አእምሯቸው እየከዳቸው ነው። ጠዋት ደህና ናቸው። ቀን በር ላይ ወንበር አውጥተው ከዋናው መንገድ የሚመጣውን የመኪና ድምፅ ያዳምጣሉ፤ «ይሄ ከባድ ጭኗል»፣ «ይሄ ፍሬኑን ያሳይ» ይላሉ። ከሰዓት በኋላ ግን ነገሩ ይደባለቅባቸዋል፤ ተነስተው ይሄዳሉ። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ በመስኮት ዓይኗን ትጥልባቸዋለች፤ ሆኖም የሰው ሰው ነች፣ የስፌት መኪናዋን ትታ ሽማግሌ ስትከተል አትውልም። ወንድሟ ራቅ ያለ ከተማ ነው የሚኖረው። ደጋግሞ ደውሏል።

«እኅቴ፣ እንዲህ ሆኖ አይቀጥልም። ወይ ከሰዓት ቤት የምትገኚበት ሥራ ያዢ፣ ወይ እኔ ጋ ይምጣ።»

«አንተ ጋ አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ሊያደርግ? መኪና እንኳ አይሰማም።»

«ቢያንስ አይጠፋም።»

ተሳስቶ አልነበረም፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። አባቷ ግን የወንድሟ ስም በተነሳ ቁጥር የወንበራቸውን እጀታ ጨብጠው «እኔ ከዚች በር ንቅንቅ አልልም» ይላሉ። ከዚያ በር ያነሷቸው ቀን እንደሚያበቃላቸው እሷ ታውቃለች።

ወደ ሐሙስ እንመለስ። ቱቦው ጨርሶ ተንጠባጥቦ፣ እጣቢው በብርጭቆው ዕቃ ተጠራቅሞ፣ በረኪናውን ልታነሳ ስትል ስልኳ ጠራ። ልብስ ሰፊዋ ናት።

«እህቴ፣ አትደንግጪ። አባባ ወንበራቸው ላይ የሉም።»

አትደንግጪ ተብሎ ያልደነገጠ ማን አለ? ዕቃውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጣ፣ የላብራቶሪ ጋዋኗን ሳታወልቅ ሮጠች። የራሷን ሕግ የጣሰችው ያኔ ነው፤ ልብም አላለችውም።

ያገኘቻቸው የጭነት መኪናዎች መቆሚያ ጋ ነው፣ አንድ ትልቅ ጎማ ተደግፈው ተቀምጠው። ጫኞቹ ሻይ ሰጥተዋቸዋል። «ጭነቱ አላለቀም?» እያሉ ይጠይቃሉ፤ ጫኞቹም በትዕግሥት «ትንሽ ቀርቷል፣ ፋዘር» ይሏቸዋል። አንድ እግራቸው ባዶ ነው፤ ጫማው የት እንደቀረ እስከ ዛሬ አልታወቀም። አርብ እግራቸው አብጦ ዋለ። አብራቸው ዋለች፣ በሞቀ ውሃ እየዘፈዘፈች። ወንድሟ ሲደውል «ሰኞ አዲሱ ሥራ ይጀመራል፣ በቃ» አለችውና ዘጋችው።

ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛዋን ልታስረክብ ሄደች። ክፍሉ ጭር ብሏል። «ጥይት» ብቻ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ይህ ባልደረባዋ ጥይት የተባለው ቀርፋፋ ስለሆነ ነው፤ አንድ ጠርሙስ አጥቦ እስኪያስቀምጥ ሌላው ሰው ምሳ በልቶ ይመለሳል። ሰላምታ ተለዋወጡና ወደ መስኮቱ ዞረች። እጣቢው እዚያው ነው፤ ሁለት ሌሊት አድሯል፤ ቀን ቀንም ፀሐይ መትቶታል። አፍንጫዋን ይዛ አነሳችው።

አረንጓዴ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለሙከራ የሚጭኑት ጭነት አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ነው፤ ሆን ተብሎም በቀላሉ እንዲፈርስ ተደርጎ ተሠርቷል። እንደ ወተት ነው፤ ሙቀት ላይ እርቃኑን ከተተወ አያድርም፣ ጭማቂው ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች እንደ መቀስ ቆራርጠው ይጨርሱትና ብርሃኑ ይጠፋል። እጣቢው ትኩስ ሳለ ሁልጊዜም አረንጓዴ ነበር፤ ሁሉም «ሳይጫን የቀረው ነው» እያለ ይደፋዋል። የሁለት ቀን እጣቢ ግን አይቶ የሚያውቅ የለም። እንዳያድር ተከልክሏላ! የከለከለችውም እሷው ናት።

ዕቃውን ወደ ብርሃኑ አነሳች፣ አወረደች። መፍረስ የነበረበት አልፈረሰም። ያልፈረሰው የሆነ ነገር ስለሸፈነው ነው። እዚያ ውስጥ ሊሸፍነው የሚችል ነገር ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ደስታ አልተሰማትም፤ ደስታ ቢሆን ጥሩ ነበር። የመጣባት ድካም ነው። ሰኞ ታያት፤ የውሃ ማጣሪያው በር ታያት፤ ዶክተሩ እጇን ይዘው ሲለምኗት፣ እሷም እሺ ስትል፣ አባቷም አራተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ተቀምጠው ታዩዋት። ራሷን ታውቃለች። እሺ ማለት አመሏ ነው። እሺ ስትል ነው ያረጀችው።

በረኪናው ገንዳው አጠገብ ነው። ከበላዩም «እጣቢ አይደር!» ይላል። ብትደፋው ማን ያውቃል? ጥይት ጀርባውን ሰጥቷል። ሪፖርቱ ተጽፏል፤ ሰው ሁሉ ተሰናብቷል። ክዳኑን ከፈተች። ዕቃውን ገንዳው ላይ አዘነበለች። አረንጓዴው ከንፈሩ ድረስ መጥቶ ቆመ።

ምን እንደያዛት ቆይታም አታውቅም። ለሳይንስ ብዬ ነው ብትል ውሸት ይሆናል። ምናልባት የኖረችውን ዘመን በገዛ እጇ መድፋት ከብዷት ይሆናል። ብቻ ዕቃውን ቀጥ አድርጋ «ጥይት» አለች። «እስቲ ና።»

«መጣሁ፣» አለ፤ እስኪመጣም ጊዜ ወሰደ።

ከኮሪደሩ ጫፍ ያለውን ትልቁን ማይክሮስኮፕ ያን ዕለት የሚፈልገው አልነበረም። ጠብታዋን አድርቀው አስገቡና ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። እስከዛሬ በዚያ ማይክሮስኮፕ ያዩት ሁሉ ስብርባሪ ነበር፤ የተገመሰ፣ የተሸራረፈ፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት። አሁን ግን ክብ ነው። ሌላም ክብ። ስክሪኑ ሙሉ ክብ፣ አንዱም ሳይሸራረፍ፣ ሁሉም ሆዱ ሙሉ።

ጥይት ክቦቹን ስክሪኑ ላይ በጣቱ አንድ በአንድ ነካ። ከዚያ «እጣቢው ውስጥ ምን ይሠራሉ?» አለ።

እሷ ቀድማ ደርሳበታለች። «እጀታው፣» አለች። «እጀታው የተቀጠለበት ጫፍ ወደ ውስጥ ነው የሚዞረው። ቀፎው ደህና ሆኖ ሲዘጋ እጀታውም ውስጥ ይቀራል። እንክብሎቹ በምን ይያዙት? የሚይዙት እጀታው የወጣበትን ነው፤ የተሰበረውን።»

«እና እኛ…»

«እኛ ስብርባሪውን አክብረን እያስቀመጥን፣ ደህናውን በበረኪና ስንደፋ ኖርን።»

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ሲባል ሰምታ ታውቃለች፤ ወርቁን ይዞ በየሳምንቱ ገንዳ ውስጥ የሚደፋ ግን ከነሱ ሌላ መኖሩን ትጠራጠራለች። እጀታውን እዚያ ጫፍ ላይ የቀጠሉት ዶክተሩ ናቸው፣ የትኛው ጫፍ ወዴት እንደሚዞር ማንም ሳያውቅ በፊት። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር የቀደመውን ናሙና ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ይቀጥላል፤ ጭነቱን ይቀይራል፣ ጭራውን ይቀይራል፣ ግድግዳውን ይቀይራል። እጀታውን የነካ የለም። ሲሠራ የኖረ ነገር ማን ይነካል?

ጥይት መሳቅ ጀመረ። ሳቁ አላቆም አለው፤ መሀል ላይ ዓይኑን መጥረግ ጀመረና ሳቅ ይሁን ለቅሶ መለየት አቃታት። እሷም ወንበሩን ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና ያን ክብ ነገር አየችው። ያምራል። ያን ያህል ያምራል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ቅናት ቢጤ ወጋት፤ ከነገ ወዲያ ይህን የሚያየው ሌላ ሰው ነው።

ዶክተሩ ተደውሎላቸው በነጠላ ጫማ መጡ። ስክሪኑን አዩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ እንደገና አዩ። ከዚያ ወደ ሷ ዞሩ።

«ሪፖርቱን ቀደድኩት በይ። ሰኞ እጀታውን ወደ ውጭ አዙረን እንጀምራለን። ክፍሉን ለማንም አላስረክብም።»

«ዶክተር፣ እኔ ሰኞ ውሃ ማጣሪያው እገባለሁ።»

«ክሎሪን ልትለኪ? አሁን? ይሄን ካየሽ በኋላ?»

«አዎ፣ ይሄን ካየሁ በኋላ።»

«ጥቂት ወር ብቻ ስጪኝ። አንቺ የማታውቂው ነገር የለም፤ እጅሽ ነው የሚያውቀው። አሁን ጥለሽ ብትሄዪ ሌላው ነው ስሙን የሚያስጠራበት፣ አይቆጭሽም?»

ቆጭቷታል። «እሺ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ዕድሜ ልኳን እንዳለችው። ጥቂት ወር ማለት ደግሞ በዚህ ሥራ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ እሳቸውም ያውቃሉ።

«ይቆጨኛል፣» አለች። «አባቴን ግን ሌላ ቀን አላገኘውም።»

ዶክተሩ ክፉ ሰው አይደሉም። ትከሻዋን መታ መታ አደረጉና መስኮቱ ጋ ሄደው ቆሙ።

ጥይትን ጠረጴዛዋ ጋ ወሰደችው። ከማቀዝቀዣው የትኛው መደርደሪያ ላይ ምን እንዳለ፣ የትኛው ባክቴሪያ እንደሚያኮርፍ፣ የትኛው ቱቦ በየትኛው በኩል እንደሚያንጠባጥብ አሳየችው። እያንዳንዱን ነገር በዝግታ ነካ፣ በዝግታ ደገመላት። ዱሮ ቢሆን ታብድ ነበር።

«ለኔ መስጠትሽ ግን እርግጠኛ ነሽ?» አላት። «ቀርፋፋ ነኝ እኮ።»

«ለዚህ ነው የምሰጥህ። የፈጠንነው ደፋነው።»

ስትወጣ ወደ ገንዳው ተመልሳ ብጫውን ወረቀት ላጠችው። ጠርዙ ግድግዳው ላይ ቀረ። በእጇ ጨምድዳ ኪሷ ከተተችው። አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱን ተደግፋ አለቀሰች፤ አጠገቧ የተቀመጠች ሴትዮ ሳትናገር መሐረብ ሰጠቻት።

ቤቷ ሰፈር የደረሰችው ገና ፀሐይ ሳለ ነው። ከሥራ ተመልሳ በዚህ ሰዓት የራሷን በር አይታው አታውቅም ብል ማጋነን አይሆንም። አባቷ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ልብስ ሰፊዋ በመስኮት «ዛሬ የትም አልሄዱም፣ ግን ተደባልቆባቸዋል» አለቻት በምልክት።

«አባዬ፣» አለች።

ቀና ብለው አዩዋት። አላወቋትም። «አንተ፣ የት ጠፍተህ ነው?» አሉ ተቆጥተው። ረዳታቸው መስላቸዋለች፤ ያ ከብዙ ዘመን በፊት ከጎናቸው ተቀምጦ የሚሄደው ሰው። «ጎማውን አየኸው? በል እንነሳ፣ መሸብን።»

«ምን አስቸኮለዎት፣ ጌታው?» አለች፤ ረዳት እንደሚለው።

«ልጄ እየጠበቀችኝ ነው፣» አሉ። ድምፃቸው ተለወጠ። «በሩ ላይ ቆማ ነው የምትጠብቀኝ፣ እናቷ ነግራኛለች። ሁልጊዜ ስደርስ ተኝታ አገኛታለሁ። አንድ ቀን እንኳ ሳትተኛ አልደረስኩባትም። ዛሬ ልድረስባት፣ ቶሎ በል።»

የጠበቀችው እሷ ብቻ መስሏት ነው የኖረችው። እሳቸውም በየመንገዱ፣ በየኬላው ያን ነገር ተሸክመውት ይሄዱ እንደነበር ማን ነግሯት?

ክንዳቸውን ይዛ አስነሳቻቸው። ከወንበሩ እስከ በሩ ያለው ጥቂት እርምጃ ነው፤ ያበጠውን እግራቸውን እየጎተቱ ሄዱት።

«ደርሰናል፣ ጌታው። እርስዎ በሩን ያንኳኩ፤ እኔ መኪናውን ላቁም።»

ከዚያ በቤቱ ጎን ሮጣ በጓዳው በር ገባች። ቦርሳዋ ወደቀ፤ አላነሳችውም። ካፖርቷን አውልቃ ወንበር ላይ ጣለች፣ ፀጉሯን በእጇ አስተካከለችና ከዋናው በር ኋላ ቆማ ጠበቀች። ሲያንኳኩ ከፈተች።

እጃቸው ገና አየር ላይ ነው። ዓይኗን አዩ፤ ፊታቸው ቀስ በቀስ በራ።

«አልተኛሽም?» አሉ።

«አልተኛሁም፣ አባዬ። ስጠብቅህ ነበር።»

«ጭነቱ ነው ልጄ፣» አሉ እንደ ጥፋተኛ። «ጭነቱ አስቆየኝ።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ፣» አለች፤ እጃቸውንም ይዛ አስገባቻቸው። «እኔንም አስቆይቶኝ ነበር።»